የጉበት ቁጥሮች በይፋት ቆላ፦ ከቢጫ ዓይን እስከ ደም ምርመራ

ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርደው የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብርዱም ገብሱም ከኋላ ቀርተዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት፣ ትምባሆና ማንጎ፣ በዝናብ የሚበቅለው ማሽላና ማሾ፣ ወደ አዋሽ የሚወርዱት ወንዞች፣ ክረምት ሲወጣ የምትነሳው የወባ ትንኝ፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያ፦ የይፋት ቆላ ኑሮ ይህን ይመስላል። ከዚህ ኑሮ ውስጥ ሰው የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ የሚቅመውና የሚውጠው መድኃኒት ሁሉ ዞሮ ዞሮ በጉበት በኩል ያልፋል።

ዛሬ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ቀኝ ጎኑን የሚያመው ሰው ጤና ተቋም ሲሄድ ደም ይሰጥና ኤስጂኦቲ፣ ኤስጂፒቲ እና ኤኤልፒ የሚሉ ሦስት መስመሮች የሠፈሩበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአዲሱ ስማቸው ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ ይባላሉ። ይህ ቅኝት የነዚህን መስመሮች ታሪክ ከይፋት አካባቢ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ያስኬዳል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ቁጥሩ ጉበት መጎዳቱን ይናገራል፣ ማን እንደጎዳው ግን አይናገርም። ጎጂውን ለማግኘት አገሩን የሚያውቅ ጠያቂ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥር ያልነበረበት ዘመን

ይፋት በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ገና ሲገባ ጫት አብሮት ይገባል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ1332 ስለተደረገው ጦርነት ሲተርክ፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱን ያወሳል። በዚያው ምዕተ ዓመት የግብፅ መንግሥት ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ የኢትዮጵያን እስላማዊ መንግሥታት ሲገልጽ፣ ሰዎች ቅጠሉን ስለሚበሉት ስለዚህ ተክል ጽፏል። ስለ ጫት ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች መካከል ሁለቱ ወደዚህ አካባቢ ያመለክታሉ ማለት ነው። ቅጠሉ ጉበትን ይጎዳ ይሆን ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት አልተነሳም። የሚጠየቅበት መሣሪያም አልነበረም።

የነበረው መሣሪያ ዓይን ነው። የታመመው ሰው የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቱ ሲጠቁር፣ ምግብ ሲያስጠላው፣ ጎረቤት ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው የሚለው እምነት በብዙ ቦታ ይነገራል። መድኃኒቱ ከጓሮ ይመጣል፤ ስሚዛ፣ በሌላ ስሙ ሰንሰል፣ ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙት ቅጠሎች ዋነኛው ነው። ቀጠጢናም በብዙ ቦታ የባህል መድኃኒት ነው።

ይህ ዓይን ብዙ ያያል፤ መለየት ግን አይችልም። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ሲያፈርስ ዓይን ቢጫ ይሆናል። የጉበት ቫይረስ ሲይዝም ቢጫ ይሆናል። ጠጠር የሐሞት ቱቦን ሲዘጋና በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ሲበረታም እንዲሁ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት የመጣው የሻለቃ ሃሪስ የእንግሊዝ ልዑክ፣ ጥቂት ቆይቶም በአልዩ አምባ የተቀመጠው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን፣ የዚህን ቆላ ጠርዝ አይተዋል። ጆንስተን ራሱ ሐኪም ሆኖ በትኩሳት ተሠቃይቷል። የአውሮፓ ሕክምናም በዚያ ዘመን ቢጫን ከቢጫ የሚለይበት መንገድ ከአልዩ አምባ አዋቂዎች ብዙም የተሻለ አልነበረም።

ኢንዛይም ምስክር ሆኖ የቀረበበት

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በ1910ዎቹ ኔዘርላንዳዊው ሂማንስ ቫን ደን በርግ ቢጫውን ቀለም፣ ቢሊሩቢንን፣ በደም ውስጥ የሚለካበትን ዘዴ አስተዋወቀ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሮበርትስ የተባለ ሐኪም አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም የሐሞት መንገድ ሲዘጋ በደም ውስጥ እንደሚበዛ አሳየ። ዛሬ በወረቀቱ ላይ ኤኤልፒ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ቢጫነት በሁለት ተከፈለ፦ ከሐሞት ቱቦ መዘጋት የመጣና ከጉበቱ ከራሱ መታመም የመጣ።

ሁለተኛው ግኝት ከልብ ሕክምና በኩል ዞሮ የመጣ ነው። በ1937 በሞስኮ ብራውንስታይንና ክሪትስማን፣ አሚኖ አሲዶች አንዱ ለሌላው የሚለዋወጡበትን የኢንዛይም ሥራ ገለጹ። በ1954 በኒው ዮርክ ላዱ፣ ሩብሌቭስኪና ካርመን ከነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ፣ ኤስጂኦቲ፣ ልባቸው በድንገት በተጎዳ ሰዎች ደም ውስጥ እንደሚጨምር አገኙ። ብዙም ሳይቆይ ጉበት ሲታመምም ያው እንደሚሆን ታየ፤ ወንድሙ ኤስጂፒቲ ደግሞ ከልብ ይልቅ ወደ ጉበት የሚያመለክት ሆነ። በ1955 በጣሊያን ኔፕልስ ፈርናንዶ ደ ሪቲስና ባልደረቦቹ በቫይረስ ምክንያት በሚመጣ የጉበት ሕመም ላይ ተመሳሳይ ውጤት አወጡ፤ ሁለቱን ቁጥሮች አካፍሎ የማንበብ ዘዴም እስከ ዛሬ በደ ሪቲስ ስም ይጠራል። በ1957 ራይትማንና ፍራንክል ምርመራውን በቀለም ለውጥ የሚሠራበት ርካሽ መንገድ ሲያዘጋጁ፣ ውድ መሣሪያ የሌላቸው ላቦራቶሪዎችም ሊሠሩት ቻሉ። ምርመራው ወደ ድሃ አገሮች የተዳረሰው በዚህ በር ነው።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ኢንዛይሞቹ በጉበት ሴል ውስጥ የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። ሴሉ ሲጎዳ፣ ጆንያ ሲቀደድ እህሉ መንገድ ላይ እንደሚንጠባጠብ፣ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ኤኤስቲ ከደም ውስጥ በ17 ሰዓት ገደማ፣ ኤኤልቲ በ47 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ትናንትና ከትናንት በስቲያ እንጂ ስለ ዓመታት አይደለም። በድንገተኛ የቫይረስ ሕመም ኤኤልቲ በሊትር ከ1,000 ዩኒት በላይ ሊወጣ ይችላል። አልኮል በጎዳው ጉበት ግን ኤኤስቲ ብዙ ጊዜ የኤኤልቲን እጥፍ ያህል ሆኖ ሁለቱም ከ300 በታች ይቀራሉ። ኤኤስቲ በጡንቻና በቀይ የደም ሴል ውስጥም ስላለ፣ ሲያርስ ወይም ሲሸከም የሰነበተ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ኤኤልፒ ደግሞ አጥንቱ በሚያድግ ልጅና በነፍሰ ጡር ሴት ከፍ ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው።

ከሁሉም አደናጋሪው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ጉበቱ ለዓመታት ተጎድቶ ጠባሳ ሲሞላው የሚፈስስ ሴል ያልቅና ኤኤልቲ ወደ 40 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ወረቀቱ ጤና ይላል፤ ሆድ ግን በውሃ ይሞላል።

ቫይረሶቹ ስም ሲያገኙ

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉበትን የሚያጠቃ በሽታ ብዙ ሰው የጨረሰው በ1960 እና በ1962 መካከል ነው። በኦሞ ሸለቆና በዙሪያው የተነሣው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰው ይዞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ከዚያ በፊት፣ በ1958፣ የወባ ወረርሽኝ በሦስት ሚሊዮን ሰው ላይ ደርሶ 150,000 ያህል ሰው ገድሎ ነበር። በሁለቱም ወረርሽኝ ቢጫ ዓይን ታይቷል፤ መነሻቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነበር።

በ1965 ባሩክ ብሉምበርግ በአንድ አውስትራሊያዊ ተወላጅ ደም ውስጥ ያገኘውን እንግዳ ነገር ይፋ አደረገ፤ ኋላ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሽፋን መሆኑ ታወቀ፣ እርሱም በ1976 ኖቤል ተሸለመ። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በ1989 ተለየ። ከዚህ በኋላ ኤኤልቲ ከፍ ሲል «የትኛው ቫይረስ?» ብሎ መጠየቅ ተቻለ።

በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በስፋት ያነሡት ፕሮፌሰር ኤደማርያም ጸጋ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ደዌ መምህር የነበሩት እኚህ የጎንደር ሰው በ1980ዎቹ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ እና ዴልታ በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደተሠራጩ አጠኑ። በ1988 እና በ1989 በሰሜን ግንባር በነበሩ ወታደሮች መካከል የጉበት ሕመም ሲነሣ፣ ምክንያቱ በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢ መሆኑን እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው አሳዩ። ይኸው ቫይረስ በተለይ በእርጉዝ ሴቶች ላይ እንደሚበረታም ጽፈዋል። በ2014 በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ውስጥ ቫይረሱ ዳግም ተከስቷል።

ለይፋት ከዚህ የሚቀዳ ትምህርት አለ። ሰው ከመስኖ ቦይና ካልተጠበቀ ምንጭ በሚጠጣበት ቆላ ኤኤልቲ በድንገት ሺህ ቤት ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጫት ወይም አረቄ አይደለም፤ ውሃው ነው። ታማሚዋ እርጉዝ ከሆነች ጥያቄው ለነገ አይባልም። በእናት በኩልና በደም የሚተላለፈውን ሄፓታይተስ ቢን በተመለከተ ደግሞ አገሪቱ በ2007 ክትባቱን በአምስት በአንዱ ክትባት ውስጥ ለሕፃናት መስጠት ጀምራለች። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ ግን ዛሬ በእርሻውና በገበያው ላይ ያለው አዋቂ ነው።

የቆላው ተጠርጣሪዎች

ቫይረሶቹ ተመርምረው ነጻ ከወጡስ? የይፋት ነገር የሚጠልቀው እዚህ ላይ ነው።

ከማሽላ እንጀምር። ቆላው ማሽላውን ለረጅም ጊዜ በመሬት ጉድጓድ ያከማቻል። ጉድጓዱ ከነቀዝና ከሌባ ያድናል፤ እርጥበት ከገባው ግን ሻጋታ ይወልዳል። ከሻጋታዎቹ መካከል አስፐርጊለስ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያመርታል። መርዙ የታወቀው በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በተበከለ መኖ ካለቁ በኋላ ነው። በ2004 በኬንያ በተበከለ በቆሎ 125 ሰዎች ሞተዋል። ሸዋ ሮቢት የምትገኝበትን የቀወት ወረዳን በቀጥታ የሚመለከት ጥናትም አለ፤ በ2016 የታተመው ይህ ሥራ በወረዳው በተለያየ መንገድ በተከማቸ ማሽላ ውስጥ የአስፐርጊለስ ዝርያዎችንና የአፍላቶክሲንን መጠን መርምሯል። ይህ መርዝ በትንሽ በትንሹ ሲበላ ኤኤልቲን ብዙ ላያንቀሳቅስ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ሲደረብ ግን የጉበት ካንሰርን አደጋ እጅግ ያባብሳል። ስለዚህ የጉድጓዱ ደረቅነት ከእርሻ ባለሙያው እኩል የሐኪሙም ጉዳይ ነው።

እህል ጉበትን ሊገድል እንደሚችል ኢትዮጵያ በሌላ ቦታም ተምራለች። ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ሰዎች ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ጀመር። በቫይረስ ምርመራ የተገኘ መልስ አልነበረም። ዓመታት ከወሰደ ምርመራ በኋላ ጣቱ ወደ አንድ አረም ዞረ፤ በእርሻው መካከል የሚበቅለው አጀራተም ከአዝመራው ጋር እየታጨደ እህሉን ይበክላል፣ በውስጡ ያለው መርዝም የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል። መልሱ የተገኘው ከቤተ ሙከራ ብቻ አልነበረም። ተመራማሪዎች ማሳና ጎተራ ድረስ ሄደው ነው።

ቀጥሎ ውሃው። ከቀወት በስተሰሜን በከሚሴና በቦርከና ዙሪያ ቢልሃርዚያ የቆየ ችግር ነው። የትሉ እንቁላሎች በደም ተወስደው በጉበት ደም ሥሮች ዙሪያ ይቀራሉ፤ ጠባሳው የጉበትን ደም መተላለፊያ ሲያጠብ ጣፊያ ያብጣል፣ ደም ማስመለስም ይመጣል። የጉበቱ ሴሎች ግን ብዙውን ጊዜ ስለማይጎዱ ኤኤልቲ ጤነኛ መስሎ ይቀመጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ የታጠበበት የወንዝ ውሃ ትሉን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ሲያስተውሉ የተነሡበት በሽታ ይህ ነው። ለዚያ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በቦይ ውሃ ውስጥ ሲሠራ የሚውል የመስኖ ገበሬ ኤኤልቲው 25 ሆኖ ጣፊያው ካበጠ፣ ቁጥሩን አምኖ ወደ ቤት መሸኘት ስሕተት ነው።

ጫትም በመጨረሻ ጠያቂ አገኘ። በ2010 በለንደን ሐኪሞች ጫት የሚቅሙ ሰዎች በከባድ የጉበት ጉዳት ሆስፒታል መግባታቸውን ዘገቡ። በሐረር በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተሠራውና በ2018 የወጣው ጥናት 150 የረጅም ጊዜ የጉበት ታማሚዎችን ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ጫት መቃም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ፣ የቃሙበት መጠን በጨመረ ቁጥርም አደጋው እንደሚጨምር አሳይቷል። ጎጂው ቅጠሉ ራሱ ይሁን በላዩ የሚረጨው ፀረ ተባይ ገና ክርክር አለበት፤ በኢትዮጵያ ገበያ በተሸጠ ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት የተገኘበት ጥናት አለ። ሰብረዲን ከዛተ 680 ዓመታት ያህል ቆይቶ ነው ቅጠሉ በጉበት ጉዳይ ለጥያቄ የቀረበው። እስከዚያ ድረስ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብለው የተመዘገቡ የቆላ ሕመምተኞች ስንቶቹ ጫት መቃማቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው እንደቀሩ መገመት አይከብድም።

መድኃኒትም አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ጉበትን ሊያስቆጡ ይችላሉ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ጥርት ያለ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ማቅለሽለሽና ቢጫነት ካለ ኤኤልቲ ከላይኛው ወሰን ሦስት እጥፍ ሲያልፍ፣ ምልክት ከሌለ ደግሞ አምስት እጥፍ ሲያልፍ መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆማል። በጊዜው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጌትነት ይመርና ባልደረቦቻቸው በኤችአይቪ መድኃኒት ኤፋቪሬንዝ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚከማችበት የዘር ጠባይ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ለጉበት ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይተዋል።

ስሚዛስ? በ2010 ቃለአብ አስረስና ባልደረቦቻቸው የስሚዛንና የቀጠጢናን ጭማቂ ጉበታቸው በኬሚካል በተጎዳ አይጦች ላይ ሞክረው የኢንዛይሞቹ መጠን እንደቀነሰ አይተዋል። የአባቶች ቅጠል በዘመናዊው ቁጥር ተፈትኖ ባዶ አልሆነም። የአይጥ ውጤት ለሰው ማዘዣ አይሆንም፤ ታማሚው ቅጠል እየጠጣ እንደሆነ ሳይፈራ እንዲናገር ለማድረግ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ጤናማ ማለት ስንት ነው?

ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የሚጻፈው ወሰን አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው ወይም ከኬሚካሉ አምራች ጋር የመጣ ነው። በ2002 ፕራቲና ባልደረቦቹ በሚላን፣ ለረጅም ጊዜ 40 የነበረው የኤኤልቲ ወሰን ለወንድ ወደ 30፣ ለሴት ወደ 19 መውረድ እንዳለበት ጻፉ። በ2018 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአማራ ክልል ጤነኛ በሚመስሉ ወጣቶች ላይ የራሳችንን ወሰን የሚያወጣ ጥናት አሳተሙ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ደግሞ ጥያቄውን ወደ ሕክምና ውሳኔ አመጣው። ዶክተር ኃይለሚካኤል ደሳለኝና ባልደረቦቻቸው በ2017 እንዳሳዩት፣ ከኤኤስቲና ከፕሌትሌት (ከደም አርጊ ሕዋስ) ቁጥር ለሚሰላው የጠባሳ መለኪያ በዓለም ጤና ድርጅት የተሰጠው ወሰን፣ 2፣ ለእኛ ታማሚዎች እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ ሕክምና የሚገባቸውን ብዙዎች ያልፋል። ድርጅቱ በ2024 ወሰኑን ወደ 0.5 አወረደ፤ ለኤኤልቲም 30 እና 19ን ተቀበለ።

ይህ ለሸዋ ሮቢት የሩቅ ወሬ አይደለም። በአሮጌው ወሰን 35 የሆነ የሴት ኤኤልቲ «ጤነኛ» ተብሎ ይታለፋል፤ በአዲሱ ግን ክትትል ይፈልጋል። በቆላው ሙቀት ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲጓጓዝ የተበላሸ ደም ደግሞ ቀይ ሴሎቹ ፈርሰው ኤኤስቲን በሐሰት ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ በሽታ አይደለም፣ ዝቅ ያለ ሁሉም ጤና አይደለም።

በይፋት የጉበት ምርመራ ውጤት ጥቅም እንዲሰጥ ከቁጥሩ ጎን ስድስት ጥያቄዎች አብረው ሊመዘገቡ ይገባል፦ የሚጠጣው ውሃ ከየት ነው? ጫት ይቅማል፣ ለስንት ዓመት? እህሉ የሚከማቸው በጉድጓድ ነው? ምን መድኃኒት፣ ምን ቅጠል ወሰደ? አረቄ ይጠጣል? የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርጎ ያውቃል? ለነዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቋንቋውንና ኑሮውን የሚያውቅ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአሥር ደቂቃ ትመዘግባቸዋለች። ላቦራቶሪው ቁጥሩን ከሳምንታት በኋላ ይድገም፤ ሐኪሙ ቁጥሩንና መልሶቹን አንድ ላይ ያንብብ። በታሕታይ ቆራሮ አረሙን፣ በሐረር ጫቱን፣ በሰሜን ግንባር ውሃውን ያስገኘው ይህ አሠራር ነው። የይፋት ቆላ ጤና ተቋማት ይህን ሥራ ለመጀመር የሚጠብቁት አዲስ ግኝት የለም።